ዘማችና የቤቱ ወሬ



የካቲት ወር በደረሰ ቁጥር ስለ ካራማራ ድል ብዙ ይጻፋል፤ ብዙም ይነገራል። ስለ ታንኩና ስለ መድፉ፣ ስለ አውሮፕላኑና ስለ ጦር አዛዦቹ ብልኀት የተጻፈውን እኔም እንደማንኛውም ሰው በደስታ አነባለሁ። ነገር ግን ከተራዎቹ ዘማቾች አንዱ ስለ ነበርሁ፣ ከሚጻፈው ሁሉ አንድ ነገር ሳይነሣ እንደሚቀር ከብዙ ጊዜ ጀምሮ አስተውያለሁ። ይኸውም የቤት ወሬ ነው። ወታደር በጉዞ ላይ የሚራበው እንጀራ ብቻ አይደለም። ወሬው ወደ ዘማቹ የሚሄደውም ከዘማቹ የሚመጣውም በጸሐፊ፣ በአስተማሪና በመዝገብ ቤት ሠራተኛ እጅ እያለፈ ስለ ነበር፣ ነገሩ የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑትን አንባቢዎች ከሌላው ይልቅ ይመለከታቸዋል ብዬ አምናለሁ። በጽሑፌ መጨረሻ የማቀርበው ጉዳይ ስላለኝ እስከዚያ ድረስ እንዲታገሡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በአባቶቻችን ዘመን ዘማች ሲሄድ ቤቱ ከነጓዙ አብሮት ይሄድ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ተነግሮ ሠራዊቱ በጥቅምት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ እስኪዋጋ ድረስ አምስት ወር ያህል ሲጓዝ፣ ስንቅ የምታሰናዳ ሚስት፣ ጋሻ የሚይዝ አሽከር፣ ጭነት የሚነዳ የአጎት ልጅ አብረው ነበሩ። ፖስታ ቤት በአገራችን ከተቋቋመ በዚያን ጊዜ ገና ሁለት ዓመት አይሞላውም፤ የተቋቋመውም በ1886 ዓ.ም. ነው። ለባላገሩ ዘማች የሚያገለግል አልነበረም፤ ሆኖም ዘማቹ ስለ አገሩ የሚያወራው ሰው ከድንኳኑ ደጃፍ አያጣም። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ እየሠለጠነ በሄደ መጠን ወታደሩ ከቤቱ ይበልጥ እየተለየ ሄደ። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. በጅቡቲ በኩል በመርከብ ወደ ኮርያ የሄዱት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ሦስት ሳምንት ያህል በባሕር ላይ ሲጓዙ፣ ከቤታቸው ጋር የሚያገናኛቸው ወረቀት ብቻ ነበር። የእኛም ዕጣ የእነርሱን ይመስላል። ልዩነቱ ከእኛ አብዛኛው ወረቀቱን ማንበብ የማይችል መሆኑ ነው።

እኔ በ1969 ዓ.ም. በታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥነው ሰኔ 18 ቀን በአዲስ አበባ ከተሰለፉት ሚሊሺያዎች አንዱ ነበርሁ። ከሰልፉ በኋላ ወር ሳይሞላ፣ በሐምሌ፣ የሶማሊያ መደበኛ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ፤ በመስከረም 1970 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ጅጅጋ ተያዘች። የባቡሩ ሐዲድ ተቆርጦ ስለ ነበር እኛ በጭነት መኪና ተጭነን በአሰበ ተፈሪ በኩል፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ሐረር ገባን። እስከ አሰበ ተፈሪ ድረስ ይዘፈን ነበር። ከዚያ ወዲያ አቧራው የሁሉንም ጉሮሮ ዘጋው።

የእግሩን ጉዞ በዝርዝር ለመተረክ ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል። ባጭሩ ለመናገር፣ ከባልንጀሮቼ ብዙዎቹ ከእርፍ ተነሥተው የመጡ ገበሬዎች ስለ ነበሩ እግራቸው ጫማ አያውቅም። የታደላቸው ከስክስ ጫማ በሁለተኛው ሌሊት እግራቸውን ውኃ አስቋጠረው፤ በሦስተኛው ሌሊት ግማሾቹ ጫማቸውን በክሩ አስረው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በባዶ እግራቸው ይሄዱ ነበር። አለቆች ይቆጡ ነበር፤ ነገር ግን በባዶ እግሩ የሚሄደው ሰው ከጫማው ባለቤት ፈጥኖ ሲደርስ ባዩ ጊዜ ዝም አሉ። ቀን ቀን ከአውሮፕላን ለመሰወር በቁጥቋጦ ሥር እንተኛለን፤ ሌሊት እንሄዳለን። ወደ ባቢሌ በኩል ሲወርዱ ሙቀቱ ከደጋ ለመጣ ሰው የሚቻል አይደለም። ኮቾሮ የሚባለው ደረቅ ብስኩት ያለ ውኃ አይዋጥም፤ ውኃው ደግሞ በኮዳ ተለክቶ ለአንድ ቀን የሚሰጥ ነው። የደጋ ሰው ውኃን ለክቶ መጠጣትን የተማረው እዚያ ነው።

ሬዲዮ አልፎ አልፎ እናገኝ ነበር። ሬዲዮው ስለ አብዮቱ፣ ስለ ዓለም ፖለቲካ፣ ስለ ግንባሩም ይናገራል። ከደብረ ብርሃን ወደ ላይ ያለው አገር ዝናብ አግኝቶ እንደ ሆነ ግን የሚናገር አልነበረም፤ ከአጠገቤ የነበሩት ሰዎች ደግሞ ማወቅ የሚፈልጉት ይህንኑ ነበር።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ በዚያን ጊዜ በመቶዋ ውስጥ ፊደል የቆጠርነው በጣት የምንቆጠር ነበርን። እኔ ከ8ኛ ክፍል የወጣሁ የ19 ዓመት ልጅ ስለ ነበርሁ፣ ስሜ ቀርቶ «ጸሐፊው» ተባልሁ። የአባቴ እኩያ የሆኑ ሰዎች ተራ ይዘው፣ መሣሪያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ «እስቲ ልጄ፣ ጻፍልኝ» ይሉኛል። ወረቀት ሲጠፋ የብስኩቱን ካርቶን ውስጠኛ ገጽ እንጠቀም ነበር። እስክሪብቶውም በሙቀት ቀለሙን ይተፋል።

ደብዳቤ ያስጻፈ ባላገር እንደሚያውቀው፣ ትልቁ ሥራ ሰላምታው ነው። አንዱ የመርሐቤቴ ሰው በአንድ ገጽ ላይ 43 ሰው ስም እየጠራ እጅ ነሥቶ፣ ወረቀቱ ሲያልቅ የገዛ ወንድሙ ቀረበት። «ጠርዙ ላይ ጻፈው» አለኝ። ጠርዙ ላይ ጻፍሁት። ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው። ጥያቄውም ስለ ጦርነቱ አይደለም። ጥቁሩ በሬ ቁስሉ ዳነ ወይ? ገበሬ ማኅበሩ ቃል በገባው መሠረት እርሻዬን አረሰልኝ ወይ? ከጎረቤት ጋር የተጣላንበት የውኃ ቦይ እንዴት ሆነ? ትንሹ ልጅ ጥርስ አወጣ ወይ? አንድ ከሌላው የሚያንስ ወጣት ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትቶ «ጓሮ የተከልሁት ጌሾ ጸድቋልን?» የሚል ብቻ አስጻፈኝ። በኋላ እንደ ተረዳሁት፣ ጌሾው ለሠርጉ ጠላ የታሰበ ነበር፤ የጠየቀው ስለ ልጅቱ ነው።

ስለ ራሳቸው የሚያስጽፉት ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ «ከናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ይላሉ። እግሩ የቆሰለውም፣ በወባ የሚንቀጠቀጠውም፣ ትናንት ባልንጀራውን የቀበረውም ይህንኑ ይላል። ያለንበትን ቦታ መጻፍ ክልክል ነበር፤ ችግራቸውን ግን ማንም አልከለከላቸውም። እነርሱ ራሳቸው ይከለክሉት ነበር። ከቤት የሚመጣውም መልስ እንዲሁ ነው፤ «ካንተ ናፍቆት በቀር ሁላችንም ደህና ነን» ይላል። እንዲህ እያለ አንዱ ሌላውን ለማሳረፍ ሲጥር፣ በመካከሉ እውነተኛው ወሬ መንገድ ያጣል። አንዳንድ ሰው ይህን ውሸት ይለዋል። እኔ እንደዚያ አልለውም፤ ነገር ግን ደብዳቤውን የሚያነበው እኔ ስለ ነበርሁ፣ አንብቤ ስጨርስ በፊታቸው ላይ የሚቀረውን ጥማት አይቻለሁ። «በሬው» ብሎ ለጠየቀ ሰው «ሁላችንም ደህና ነን» መልስ አይሆንም።

ደብዳቤ የሚመጣልን ውኃ ከሚያመጣው ቦቴ ጋር ነበር። ሁለቱ በአንድ ላይ ሲደርሱ ወታደሩ በሁለት ይከፈላል። ደብዳቤ የሚጠብቀው ወደ ሾፌሩ መስኮት ይሮጣል፤ ብዙ ጊዜ ጠብቆ ያልመጣለት ደግሞ ወደ ቧንቧው ሄዶ፣ ስም ሲጠራ እንደማይሰማ ሆኖ ኮዳውን ቀስ ብሎ ይሞላል። ኮዳው ሞልቶ ሲፈስ እንኳ የማያይ ነበር።

አሁን ወደ አንድ ሰው ታሪክ ልምጣ። በጥር 1970 ዓ.ም. ከጥምቀት በኋላ ለአንድ የመንዝ ሰው ደብዳቤ መጣለት። ዕድሜው ከ40 ያለፈ፣ ነገሩ ቁጥብ፣ በሰልፉም በሥራውም የተመሰገነ ሰው ነበር። እኔ «ጋሼ» ነበር የምለው። እንደ ልማዱ ተቀምጦ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «በል አንብብ» አለኝ። ሰላምታውን፣ የእህሉን ነገር፣ የላሚቱን መውለድ አነበብሁለት። ከፊርማው በታች ግን በደቃቅ ጽሕፈት እንዲህ የሚል ነበር፤ «ለዚህ ደብዳቤ አንባቢ፤ ከዚህ በታች ያለውን አታንብብለት። እናቱ በኅዳር ወር ዐርፈዋል። እዚያ ያገሩ ሽማግሌ ካለ ነግረህ፣ እንደ ወጉ እንዲያረዱት አድርግ።» የጻፈው የመንደሩ አስተማሪ ነበር። እኔ «ደብዳቤው ይኸው ነው» ብዬ አጠፍሁት። እርሱም «እጅህ ይባረክ» ብሎ ተቀበለኝና በደረት ኪሱ ከተተው።

ይህን ለምን እንደምጽፍ አንባቢ ይረዳልኝ። ያገራችን ወግ መርዶ በድንገት አይነገርም የሚል ነው። በማለዳ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ከፊት ሆኖ ይነገራል፤ ለቅሶውንም ሁሉም ይካፈለዋል። ወጉ በመንደር ውስጥ መልካም ነው፤ ከዚያ የተሻለ እኔ አላውቅም። እኛ ግን በዚያው ሌሊት ተነሡ ተብለናል። ነገሩን ለሃምሳ አለቃችን ብነግረው ብዙ አሰበና «ሌሊት መሣሪያ ይዞ ለሚሄድ ሰው አይነገርም፤ ስናርፍ ይሁን» አለ። እንደ እኔ አሳብ ትክክል ነበር። ሦስት ሌሊት ሄድን። በአራተኛው ቀን ማለዳ፣ በድንጋዮቹ መካከል ስናርፍ፣ ሁለት የመንዝ ሽማግሌዎችና ሃምሳ አለቃው ቀስ ብለው ወደ እርሱ ሄዱ። እኔም ከኋላ ነበርሁ። ገና ሲያያቸው ቀና ብሎ ተቀመጠና፣

«እናቴ ናት ወይስ አባቴ?» አለ።

ሽማግሌው «ማን ነገረህ?» ቢለው ወደ እኔ አመለከተ። «ያን ዕለት ዓይኑ ወደ ታች ወረደ፤ አፉ ግን አልተከተለውም። እኔ ፊደል አላውቅም፤ ሰው ግን አውቃለሁ» አለ።

እንግዲህ ያ ሰው ሦስት ሌሊት ሙሉ ሁለት ሞት ተሸክሞ ሄዷል ማለት ነው። አንዱን ጊዜ እናቱን፣ ሌላውን ጊዜ አባቱን ሲቀብር ነው ያደረው። ደብዳቤው ኪሱ ውስጥ ነው፤ ቃሉም እዚያው ነው፤ ነገር ግን ሊያነበው አይችልም። ከትጥቁና ከጥይቱ የከበደው ይህ እንደ ነበር እኔ አልጠራጠርም። ለቅሶው ተለቅሶ ካበቃ በኋላ ጠራኝና ያችን በደቃቅ የተጻፈችውን ቃል እንዳለች እንዳነብለት አዘዘኝ። አነበብሁለት። «አስተማሪው ነው?» አለ። «አዎን» አልሁት። «የኔን ጉዳይ እስከዚህ አስቦልኛልና እግዜር ይስጠው» አለ። በአስተማሪውም በእኔም ላይ ቅሬታ አልነበረውም።

ነገሩ በጦሩ ውስጥ ተሰማ። ከዚያ ወዲያ የማነብላቸው ሰዎች ወረቀቱን ሳይሆን ዓይኔን ይመለከቱ ጀመር። አስቀድሜ ለብቻዬ በልቤ ባነበው ይሻላል ብዬ ሞከርሁ፤ ይህ ደግሞ የባሰ ሆነ፤ ዝም ባልሁ መጠን ሰው ፊቱ ይገረጣል። በመጨረሻ ራሳቸው ተማክረው አንድ ደንብ አወጡ፤ «ከላይ እስከ ታች፣ የተጻፈውን ሁሉ፣ ጮክ ብለህ አንብብ» አሉኝ። አንድ ሌላ ሰው ብቻ «የእኔን እንደ ድሮው አድርግልኝ» አለ። ለእርሱ እንደ ድሮው አደረግሁለት።

የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተመለሰች። የመንዙ ሰው ያን ቀን በሕይወት ነበር። በኋላ እርሱ ከነበረበት ጓድ ጋር ወደ ሰሜን ተዛወረ፤ እኔ በእግሬ ላይ በደረሰ ጉዳት ምክንያት በ1971 ዓ.ም. ተሰናበትሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ እርሱ የሰማሁት ነገር የለም።

የቀረው ታሪኬ የቢሮ ነው። ከተሰናበትሁ በኋላ በሰሜን ሸዋ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ተቀጠርሁ፤ የወረዳውን ስም ለጊዜው ልተወው። በ1974 ዓ.ም. የቆየ ቁም ሣጥን ስናጸዳ፣ ከግብር ደረሰኞች ጀርባ በሲባጎ የታሰሩ 31 ደብዳቤዎች አገኘሁ። ሁሉም ከግንባር የተላኩ፣ አንዱም ያልተከፈተ ነው። ከላይ በወረቀት ቁራጭ ላይ «ባለቤቶቹ ሲመጡ ይሰጥ» ተብሎ ተጽፏል።

ማንም ሆን ብሎ ደበቃቸው አልልም። አሠራሩ እንዲህ ነበር፤ ገበሬው የፖስታ ሣጥን ስለሌለው የዘማች ደብዳቤ በወረዳው አድራሻ ይመጣል፤ ከዚያ በገበያ ቀን ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ይሰጣል። ሊቀ መንበሩ በክረምት ወንዝ ሞልቶበት ወይም ስብሰባ ይዞት ከቀረ ደብዳቤው ይቆያል። የሚያውቀው ጸሐፊ ሲዛወር ደግሞ አብሮት የሚዛወር የሚያስታውስ ሰው የለም። እናት ከቤት ሆና «ልጄ ረሳኝ» ትላለች፤ ልጅም ከምሽግ ሆኖ «መልስ ነፈጉኝ» ይላል። ደብዳቤው በመካከሉ፣ ከደረሰኙ ጀርባ፣ ተኝቷል። የማስረከቢያ መዝገብ ቢኖርና አንድ ሰው በየወሩ ቢያየው ኖሮ፣ ይህ ሁሉ የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር።

በአለቃዬ ፈቃድ በየገበያው እየጠየቅሁ በሁለት ዓመት ውስጥ 29ኙን አደረስሁ። አንዷ እናት ዘንድ ስደርስ ልጇ ተመልሶ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ነበር። የራሱን ደብዳቤ ራሱ እንዲያነብላት ብትጠይቀው፣ «ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» የሚለው ላይ ሲደርስ ሳቀ፤ በዚያን ጊዜ ሐረር ሆስፒታል ተኝቶ ነበርና። እርሷ ግን አልሳቀችም። ሌላ ቤት ደግሞ ልጁ በየካቲት መሞቱ ከተረዳ አራት ዓመት ሆኖታል። ደብዳቤውን ባልሰጥ ይሻላል ብዬ ለመመለስ ስዘጋጅ፣ አባትየው ወሬው ደርሷቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ፤ ከዚያም ቀኑን ጠየቁኝ። «ጥር 13» ብላቸው በጣታቸው ቆጠሩና «እንግዲያስ ጥምቀትን ውሏል» አሉ። ይህንኑ ለሚስታቸው ለመንገር ወደ ጓዳ ገቡ፤ እኔንም ጠላ ሳልጠጣ እንዳልሄድ አዘዙ።

የቀሩት ሁለቱ ናቸው። አንደኛው በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ለእናት፣ ሁለተኛው በታኅሣሥ 1970 ዓ.ም. ለባለቤት የተላኩ ናቸው። ሁለቱም ቤተሰቦች በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ድርቅ ምክንያት በሠፈራ ወደ ወለጋ መሄዳቸውን ጎረቤቶቻቸው ነግረውኛል። በ1979 ዓ.ም. ወደ ሁለት የሠፈራ ጣቢያዎች ጽፌ መልስ አላገኘሁም። ጽሕፈት ቤቱ ወደ ሌላ ሕንፃ ሲዛወር አሮጌ ወረቀት ሁሉ ሊቃጠል ስለ ነበር፣ ሁለቱን በፊርማ ተረክቤ እስከ ዛሬ አስቀምጫቸዋለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አገር ለአገር እየዞርሁ ለመፈለግ ጤናዬ አልፈቀደልኝም።

ስለዚህ ጉዳዬ ይህ ነው። በወለጋ በኩል በቀበሌም በወረዳም የምትሠሩ፣ ወይም ወላጆቻችሁ በ1977 ዓ.ም. ከሰሜን ሸዋ በሠፈራ የሄዱ አንባቢዎች፣ በ1969 ዓ.ም. ከዚያ ቤት በሚሊሺያነት የዘመተ ልጅ ወይም ባል ካለ ጠይቁልኝ። የሰዎቹን ስም በጋዜጣ ማውጣት ስላልፈለግሁ ለአዘጋጁ ለብቻ ጽፌ ሰጥቻለሁ፤ የላኪውንና የተቀባዩን ስም ከነገበሬ ማኅበሩ ለሚናገር ሰው ይሰጣል። እናቲቱ እስካሁን በሕይወት ላይኖሩ ይችላሉ፤ የልጅ ልጅም ቢሆን ይምጣ። ፖስታዎቹ ቢጫ ሆነዋል፤ ቴምብራቸውና የሐረር ማኅተማቸው ግን ይነበባል። አልተከፈቱም።

አንድ ጡረተኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ